መርከቡ ኮዙሜል ሲቆም በራሳችን ብንወጣስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጉዞ ዓምድ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሰበታ ነው፤ ዕድሜዬ 61 ዓመት ነው። አሜሪካ የምትኖረው ልጄ በመጪው ነሐሴ ከማያሚ በሚነሣ የመዝናኛ መርከብ ልትወስደኝ ትኬት ቆርጣለች። መርከቡ ነሐሴ 12 ቀን ኮዙሜል በምትባል የሜክሲኮ ደሴት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይቆማል። መርከቡ ለዚያ ቀን የሚሸጠው ጉብኝት ለሁለታችን ሲደመር ስለከበዳት ልጄ «እማዬ፣ በራሳችን ወጥተን እናያለን» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሜክሲኮ ሲባል የማውቀው ታክሲ የምቀይርበትን አደባባይ ነው። መርከቡ ጥሎን ቢሄድስ? ጉልበቴንም ያመኛል፤ ብዙ መራመድ አልችልም። ወቅቱ ፍልሰታ በመሆኑ የጾም ምግብ ማግኘቱም ያሳስበኛል።

አንዲት እናት፣ ከሰበታ

መልስ፦ ልጅዎ እንዳለችው ይቻላል። እንዲያውም ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ፣ ብዙ ሰው ጭኖ በሰዓት ከሚያጣድፍ የጉብኝት አውቶቡስ ይልቅ፣ ሲደክምዎ ተቀምጠው ሲሻልዎ የሚነሡበት ቀን እንደሚስማማዎት አምናለሁ። ይህ የሚሆነው ግን የምታዩትን ነገር አንድና ቅርብ ካደረጋችሁት ነው። በወደብ ቀን ሰው የሚቸገረው አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ባለማወቁ አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ቦታ ለማዳረስ በመመኘቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የቪዛው ጉዳይ ይጣራ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ያለው መንገደኛ በዚያው ቪዛ መግባት ይፈቀድለታል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚያሳስበኝ መግቢያው ሳይሆን መመለሻው ነው። የአሜሪካ ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ከሜክሲኮ ተመልሶ ማያሚ መግባት በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ የትኬቱን ቀሪ ክፍያ ከመፈጸሟ በፊት የቪዛዎን ዓይነት ጠቅሳ የመርከብ ኩባንያውን ትጠይቅ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ትቀበል።

መርከቡ ጥሎን ይሄዳል ወይ ላሉት፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አዎን፣ ጥሎ ይሄዳል። መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራሱ የወጣን መንገደኛ ግን አይጠብቅም። የቀረ ሰው ወደሚቀጥለው ወደብ ወይም ወደ ማያሚ የሚሄደው በራሱ ወጪ ነው። ለመርከቡ ጉብኝት የሚጨመረው ገንዘብ በአብዛኛው የዚህ ዋስትና ዋጋ ነው ማለት ይቻላል፤ ለሩቅ ቦታ ከሆነ ሊከፈልበት የሚገባ ዋስትና ነው። ከወደቡ ብዙም ለማይርቅ ሰው ግን ያን ያህል አያስፈልግም። ሌላም ልዩነት አለ። ነሐሴ በካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ካፒቴኑ አየሩን ዓይቶ ኮዙሜልን ሊዘል ይችላል። ያን ጊዜ ከመርከቡ የገዛችሁት ጉብኝት ገንዘቡ ይመለሳል፤ ከሌላ ሰው አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ግን እንደ ውላችሁ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ የምትወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ምንም አትክፈሉ።

አሁን አደራ የምልዎትን ነገር ልንገርዎት፤ እርሱም ሰዓት ነው። ኮዙሜል የምትገኝበት የኪንታና ሮ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ማያሚ ግን በበጋዋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። በመሆኑም በነሐሴ የደሴቲቱ ሰዓት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። መርከቡ የማያሚን ሰዓት እንደያዘ ከቆየ፣ የደሴቲቱን ኔትወርክ ያገኘ ስልክ በራሱ ይቀየርና ባለቤቱን ያሳስተዋል። እኔ ከወንድሜ ጋር በሐምሌ ወር በሄድሁ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው። ከከተማዋ አደባባይ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ሳለ ስልኬ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ20 ይል ነበር፤ የመግቢያው የመጨረሻ ሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ስለነበር ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ቀርቶናል ብዬ ሌላ የኮኮናት ውሃ አዘዝሁ። ወንድሜ የእጅ ሰዓቱን ሳይነካው ስለቆየ የእርሱ 10 ሰዓት ከ20 ይላል። ኮኮናቱን ትተን ሮጥን፤ መርከባችን የቆመው ከተማው መሐል ባለው ወደብ ባይሆን ኖሮ አንደርስም ነበር።

ስለዚህ ከመርከቡ ስትወርዱ በሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ «አሁን የመርከቡ ሰዓት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያም ልክ የእጅ ሰዓት ሙሉና ስልኩን ተዉት። ሁሉም መንገደኛ መግባት ያለበት መርከቡ ከሚነሣበት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ይቀድማል። እርስዎ የያዙት 11 ሰዓት መነሻው እንጂ መግቢያው አይደለም። የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር የስድስት ሰዓት ልዩነት እንዳለውም አይርሱ። ልጅዎ ብዙ ዓመት ውጭ ስለኖረች «አራት ተኩል» ስትል የእርስዎ 10 ሰዓት ተኩል ማለቷ ሊሆን ይችላል። በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፋችሁ አንዱን እርስዎ፣ አንዱን እርሷ ያዙ፤ ድንገት ብትጠፋፉ ያ ወረቀት ያገናኛችኋል። መርከቡ በየዕለቱ በሚያወጣው የፕሮግራም ወረቀት ላይ የወደብ ወኪሉ ስልክ ካለ እርሱንም ፎቶ አንሡ፤ የፓስፖርታችሁን ቅጂና የመርከቡን ካርድ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ያዙ።

ኮዙሜል ርዝመቷ 48፣ ወርዷ ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዷ ከመሐል አዲስ አበባ እስከ ሰበታ ካለው መንገድ ያንሳል ማለት ነው። መርከቦች የሚቆሙባቸው ሦስት ወደቦች አሉ። ፑንታ ላንጎስታ የሚባለው ከተማው ውስጥ ነው፤ ከዚያ በእግር መውጣት ይቻላል። ሁለቱ ግን ከከተማው ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚርቁ ታክሲ ያስፈልጋል። ከወደቡ ስትወጡ መንገዱ በጌጣጌጥና በመጠጥ ሱቆች መካከል ያሳልፋችኋል፤ ጉብኝት በርካሽ እንሰጣለን የሚሉ ሰዎችም ያጋጥሟችኋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በርካሹ ጉብኝት ምትክ የሪዞርት ሽያጭ ገለጻ እንድትሰሙ የሚያስቀምጡና ግማሽ ቀን የሚበሉባችሁ ናቸው፤ «ኖ ግራሲያስ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። የኮዙሜል ታክሲዎች ቆጣሪ የላቸውም፤ ዋጋው በየአካባቢው የተወሰነ ነው፤ ሰሌዳውም ወደቡ ላይ ይለጠፋል። ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን፣ የመኪናው ይሁን የእያንዳንዱ ሰው፣ በዶላር ይሁን በፔሶ ጠይቃችሁ ተስማሙ። የፔሶ ምልክት ከዶላር ምልክት ጋር አንድ ስለሆነ በሱቅም በምግብ ቤትም ይህ ጥያቄ አይቅር። ከአሜሪካ ስትነሡ አነስ ያሉና ያልተቀደዱ የዶላር ኖቶች ይዛችሁ ውጡ።

ታዲያ ምን እንይ ላሉት፣ ደሴቲቱ መሐል ሳን ኸርቫሲዮ የሚባል፣ ማያ የሚባሉት የአካባቢው የጥንት ሕዝብ የአምልኮ ቦታ ፍርስራሽ አለ፤ እሽቼል ለምትባለው አምላካቸው የተሠራ ነበር። ሴቶች ልጅ ለመውለድና በሰላም ለመገላገል ሲሉ ከዋናው ምድር በታንኳ ባሕሩን እየተሻገሩ ይሳለሙት ነበር። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ድንጋይና የዛፍ ሥር ስለሚበዛበት ለእርስዎ ጉልበት አልመርጠውም። ለእርስዎ የምመርጠው ከተማዋን ራሷን ነው። ስሟ ሳን ሚጌል ነው፤ በእኛ ቅዱስ ሚካኤል ማለት ነው። እናንተ የምትደርሱትም በ12፣ በዕለቱ ነው። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ በስሙ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። የካቶሊክ ነው፤ ቢሆንም ጫማዎን ሳያወልቁ ገብተው ጥቂት ማረፍ ይችላሉ። አደባባዩ የዛፍ ጥላ፣ ወንበርና የሰዓት ግንብ አለው። ከባሕሩ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ በዚያው መንገድ ላይ የደሴቲቱ ሙዚየም ይገኛል። ልጅዎ መዋኘት ከፈለገች በምዕራቡ ዳርቻ ትዋኝ፤ የምሥራቁ ባሕር ለዓይን ያምራል፣ ማዕበሉና ወደ ውስጥ የሚጎትተው ውሃ ግን አደገኛ ነው።

ስለ ጾሙ አይሥጉ፤ ጥያቄው ግን በትክክል መጠየቅ አለበት። ወደ ከተማው ውስጥ ጥቂት መንገዶች ገባ ብሎ ያለው የገበያ አዳራሽ ባሕሩ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ይሻላል። እዚያ አንዲት ሴት የበቆሎ ሊጥ በመዳፏ ስታድበለብል፣ በማተሚያ ስትጨፈልቅና ኮማል በሚባል ምጣድ ላይ ስትጥል ቆሜ ዐይቻለሁ። ቂጣው ጠርዙ ሲነሣ በጣቷ ትገለብጠዋለች፤ መሐሉ እንደ ፊኛ ሲነፋ ታነሣዋለች። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ካደረ በኋላ የሚፈጭ ስለሆነ ሽታው ከእኛ ቂጣ ይለያል፤ ቶርቲያ የሚሉት ይህ ነው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። የስንዴው ቶርቲያ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሞራ ይገባበታል። የተፈጨው ባቄላቸውም እንዲሁ። ስለዚህ «ሲን ማንቴካ» በሉ፤ ያለ ሞራ ማለት ነው። «ሲን ኬሶ» ያለ አይብ፣ «ሲን ካርኔ» ያለ ሥጋ ማለት ነው። ሩዙ በዶሮ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ስለሚችል ባይነኩት ይሻላል። ኮቺኒታ የሚባለው የዚያ አካባቢ ዝነኛ ምግብ አሳማ ነው፤ በጾምም በፍስክም እንዳይሳሳቱ። አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ባቄላና በቆሎ ቂጣ ካገኙ ጠግበው ይውላሉ። ኖፓል የሚሉት የበለስ ቅጠል ተጠብሶ ከቀረበ ደግሞ ይቅመሱት። አባኔሮ የሚባለውን ትንሽ ቃሪያ ግን በጥርስዎ ጫፍ ይሞክሩት፤ ሚጥሚጣ የለመደን ሰው ያስለቅሳል። በቆሎውም በርበሬውም ወደ እኛ የመጣው ከዚያው ምድር መሆኑን ሳስብ፣ ያ ገበያ ባዕድ ሆኖ አልታየኝም። የታሸገ ውሃ ብቻ ጠጡ።

ሙቀቱን አይናቁት። ከሰበታ የነሐሴ ዝናብና ብርድ ወጥተው ከባሕር ወለል እኩል በሆነ፣ እርጥበት ባዘለ ሙቀት ውስጥ ነው የሚገቡት። ለዝናብ የገዙትን ጃንጥላ ይዘው ይሂዱ፤ እዚያ ለፀሐይ ይሆንዎታል። ከእኩለ ቀን እስከ 9 ሰዓት ከጥላ አይውጡ።

ሜክሲኮ አደባባይን ስላነሡ አንድ ነገር ልጨምር። አደባባዩ በዚያ ስም የተጠራው ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። በዋና ከተማቸው ደግሞ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ከየት ነዎት ሲሉዎት «ኢቲዮፒያ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ የእኛ መርከብ የሚቆመው ፕሮግሬሶ በሚባል ሌላ የሜክሲኮ ወደብ ነው። የጥንት ማያዎች ከተማ ፍርስራሽ የሆነውን ቺቼን ኢትዛን በራሴ ሄጄ ማየት እችላለሁን?

አንድ አንባቢ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ይህን ከመርከቡ ይግዙ። የፕሮግሬሶ ወደብ ድልድይ ብቻውን ወደ ባሕሩ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይገባል፤ መጀመሪያ በመርከቡ አውቶቡስ ወደ የብስ መውጣት ይኖርብዎታል። ከዚያ ሜሪዳ ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሜሪዳ ቺቼን ኢትዛ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ሁሉ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን በሕዝብ ትራንስፖርት መሞከር መርከቡን ለማጣት መዘጋጀት ነው። በራስዎ መውጣት ከፈለጉ ከፕሮግሬሶ አውቶቡስ ይዘው ሜሪዳ ይግቡ፤ የከተማዋን አደባባይና በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን ካቴድራል ዐይተው፣ መርከቡ ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው የመመለሻውን አውቶቡስ ይሳፈሩ።