ያልተለማመድሽው መድረኩን ነው

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የ3ኛ ዓመት የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። ክራር እየመታሁ እዘፍናለሁ። ቤት ውስጥም ሆነ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አንድም ችግር የለብኝም። ባለፈው ለአንድ የባህል ቡድን ስፈተን ግን 3 ዳኞች ፊት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አፌ ደረቀ፣ የሁለተኛው አንጓ ግጥም ድርግም ብሎ ጠፋብኝና አቋርጬ ወረድኩ። ከ5 ሳምንት በኋላ ሌላ ፈተና አለኝ፤ ካሁኑ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ጓደኛዬ የልብ ምት የሚቀንስ ኪኒን ልስጥሽ ብላኛለች። ልውሰድ? ወይስ መድረኩን ትቼ መምህርት ልሁን?»

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁን ነገር የያዘችው «ቤት ውስጥ አንድም ችግር የለብኝም» የምትለዋ ናት። እውነትሽን ነው፤ ዘፈኑን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን መንገድ፣ ዳኞቹ ወረቀት እያገላበጡ ዝም ሲሉ የሚፈጠረውን ጸጥታ፣ ልብሽ እየደለቀ የመጀመሪያውን ክር መንካትን ነው። ዘፈኑን መቶ ጊዜ ደጋግመሽዋል፤ ይሄኛውን ግን ምናልባት አንድም ቀን አልተለማመድሽውም። ፍርሃቱን ነቅለሽ እንድትጥዪ አልመክርሽም፤ ብዙዎቹ አንጋፋ ተጫዋቾችም አልነቀሉትም። ከነፍርሃቱ መጫወት ግን ክራር እንደመቃኘት ሁሉ የሚለመድ ሙያ ነው፤ 5 ሳምንት ደግሞ ለዚህ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ያን ቀን ምን እንደደረሰብሽ እንይ። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከጣት ጫፍ ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ጣት የሚቀዘቅዘውና የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ይደርቃል። ትንፋሽ ወደ ላይኛው ደረት ይወጣና ያጥራል፤ ለዘፋኝ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ረጅሙ ስንኝ መሃል ላይ አየር ያልቅባታል። ግጥሙም የጠፋው ስላላጠናሽው አይደለም። በቃል የተያዘ ግጥም እንደ መቁጠሪያ ነው፤ አንዱ ዶቃ ቀጣዩን ይስባል። «እጄን እያዩት ነው» የምትል ሐሳብ መሃል ላይ ስትገባ ክሩ ይበጠሳል፤ ከመሃል አንስቶ የመቀጠል ልምድ ከሌለ ዶቃው ሁሉ ይፈስሳል።

ደግሞ ይህን ልብ በዪ፦ ይህ ሁሉ የሚበረታው ከመጀመርሽ በፊት ባሉት ደቂቃዎችና በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ከዚያ በኋላ ለአብዛኛው ሰው እየረገበ ይሄዳል። አንቺ ሁለተኛው አንጓ ላይ ያቋረጥሽው ሊረግብልሽ ሲል ነበር። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የምንደክመው ለመጀመሪያው ደቂቃ ይሆናል።

ድምፅሽ ከመውጣቱ በፊት 30 ሰከንድ ያህል የሚቆይ የክራር መግቢያ አዘጋጂ። ጌጥ የበዛበት አይሁን፤ እንቅልፍ ይዞሽ እንኳ እጅሽ የማይስተው ቀላል ምት ይሁን። በእሱ ጣት ይሞቃል፣ ትንፋሽም ቦታውን ይይዛል። የዘፈኑ የመጀመሪያ ስንኝ ከፍ ወዳለ ድምፅ የሚወጣ ከሆነ ወይ ዘፈኑን ቀይሪ ወይ ክራሩን ዝቅ አድርገሽ ቃኚው። ሁለት ዘፈን ከተጠየቅሽ ሁለቱም በአንድ ቅኝት ይሁኑ፤ ወይ ሁለቱም በትዝታ ወይ ሁለቱም በባቲ። በሚንቀጠቀጥ ጣት፣ ዳኛ እየጠበቀ፣ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መቃኘት ያረጋጋሽውን ልብ እንደገና ያስነሳዋል። ችሎታሽን በሁለት ቅኝት ማሳየት ያምርሽ ይሆናል፤ ለዚህ ፈተና ግን ይቅርብሽ።

ፍጥነትም አለ። የደነገጠ ሰው ብዙ ጊዜ አፍጥኖ ይጀምራል፤ መፍጠኑም አይታወቀውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ክሩን ከመንካትሽ በፊት ከዘፈኑ ውስጥ ቃል የበዛበትን ስንኝ በልብሽ አንጎራጉሪና ፍጥነቱን ከዚያ ውሰጂ። ከመግቢያው ዜማ ከወሰድሽ ስንኙ ላይ ስትደርሺ ምላስሽ ይተሳሰራል።

ለግጥሙ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። እያንዳንዱን አንጓ ቁጥር ስጪው፤ ቁጥሮቹን በትንንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አጣጥፊያቸው። በየቀኑ አንዱን ሳታዪ አንሺና የወጣልሽን አንጓ ከመጀመሪያ ቃሉ ጀምረሽ ዝፈኚ፤ 4 ከወጣ ከ4፣ 2 ከወጣ ከ2። መጀመሪያ ላይ ትደናቀፊያለሽ፤ ከላይ ጀምረሽ ካልመጣሽ አይታወስሽም። ያን ቀን የጎደለሽም ይኸው ነበር። ከ10 ቀን ያህል በኋላ እያንዳንዱ አንጓ የራሱ በር ይኖረዋል፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ትገቢያለሽ።

አሁን ወደ ልምምዱ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ጣትሽንም ድምፅሽንም ሳታሟሙቂ፣ የስልክሽን ካሜራ ከፊትሽ አቁመሽ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቺ። አንድ ጊዜ ብቻ! ብትሳሳቺም መልሰሽ አትጀምሪ። ቤት ውስጥ ስንሳሳት «ቆይ እንደገና» እንላለን፤ እጃችን ሲሳሳት መቆምን የሚማረው እዚያ ነው፤ መድረክ ላይም የተማረውን ያደርጋል። ቪዲዮውን ስታዪው የሚገርምሽ ነገር አለ፤ እጅሽ እንደ ዛፍ ቅጠል ሲርገበገብ ይሰማሽ የነበረው ካሜራው ላይ እምብዛም አይታይም። አሜሪካ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። ተማሪዎች የሚያሳፍራቸውን ካናቴራ ለብሰው ሰዎች ወዳሉበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ፤ ግማሽ ያህሉ ሰው ያየብናል ብለው ገመቱ፤ ልብ ያለው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። ዳኞቹ 4 ወይም 5 ሜትር ርቀት ላይ ሆነው የሚሰሙት ድምፅሽን እንጂ የጣትሽን ንዝረት የሚቆጥሩ አይደሉም።

በሁለተኛው ሳምንት ልብሽን ሆን ብለሽ አስነሺው። ጤናሽ ደህና ከሆነ 3 ፎቅ ደረጃ ፈጠን ብለሽ ውጪና ወዲያው ቁጭ ብለሽ ጀምሪ። ልብ እየደለቀ፣ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ጣት እንዴት እንደሚታዘዝ የምትማሪው በዚህ ነው። በ4 ወይም 5 ቀን ውስጥ የሚደልቅ ልብ የውድቀት ምልክት መሆኑ ይቀርና የምታውቂው ነገር ይሆናል። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ፊት ተጫወቺ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ 3 ሰው ቁጭ አድርጊ፤ ግን ቤተሰብ ስለሆኑ አይሳቁልሽ፣ አያጨብጭቡ። አንዱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ ተነስቶ በሩን ከፍቶ ይውጣ። እኛ አገር ልጅ ሲያድግ «ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብለሽ አትዪ» እየተባለ ነው፤ ጨዋነት ነው፤ ግን ፊቱን ያልፈታ ትልቅ ሰው ሲያዩ «አጠፋሁ እንዴ?» የሚል ስሜት አብሮ ያድጋል። ዳኛ የሚጽፈው ስለጠላሽ አይደለም፤ ነጥብ መስጠት ስላለበት ነው። ዓይናቸውን ማየት ከከበደሽ በሁለቱ ዳኞች መካከል፣ ከጭንቅላታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ምረጪ፤ ከእነሱ ወገን ሲታይ የምታያቸው ይመስላል። አራተኛው ሳምንት የማታውቂያቸው ሰዎች ፊት መቆም አለብሽ። የሠፈር ወጣት ማዕከል፣ የዘመድ ምርቃት፣ ወይም ሰው እየበላ የሚያወራበት የባህል ምግብ ቤት ይሆናል። ምግብ ቤቱን እኔ እመርጥልሻለሁ፤ ማንም ሙሉ ትኩረት በማይሰጥበት ቦታ ዘፈንን ይዞ መቆየት ዳኛ ፊት ከመቆም አይቀልምና።

ከእነዚህ ልምምዶች ቢያንስ ሁለቱን በዚያን ቀን በምትለብሽው ልብስ አድርጊያቸው። ሀበሻ ቀሚስ ከሆነ ነጠላው ክራር በምትመቺበት ክንድ በኩል ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ በግራ እጅሽ ልትመልሺው ስትዪ ደግሞ ክሩን የሚያፍኑት ጣቶች ይለቃሉ። ወይ በመርፌ ቁልፍ ከትከሻሽ ላይ አስይዢው ወይ ወገብሽ ላይ እሰሪው። የእጅሽ አምባር የክራሩን ቀንበር (ከላይ ያለውን አግዳሚ እንጨት) እየነካ የሚያንኳኳ ከሆነ ይውለቅ። ማይክሮፎን ካለም አስቀድመሽ ሞክሪው። የራስሽ ድምፅ ከስፒከር ተመልሶ ሲመጣ የማያውቀውን ሰው ያስደነግጣል። ከአፍሽ በአንድ ጭብጥ ርቀት አድርጊውና ቁመቱን ራስሽ አስተካክዪ፤ አንገትሽን አስግገሽ አትዝፈኚ።

የመጨረሻው ሳምንት የማረፊያ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሙሉውን ተጫወቺና ተዪው። አዲስ ጌጥ የምትጨምሪበት ጊዜ አይደለም።

የፈተናው ዕለት ከ2 ሰዓት ያህል በፊት ቀለል ያለ ምግብ ብዪ። ቡና የለመድሽ ከሆነ አንድ ሲኒ ጠጪ፤ ጨርሶ መተው ራስ ምታት ያመጣል፤ አቦል ቶና በረካ ማለት ግን ለሚፈጥን ልብ ተጨማሪ ጅራፍ ነው። ጫት ያነቃቃል የሚል ሰው አይጠፋም፤ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያፈጥናል፤ የምትሸሺውን ሁለቱንም ማለት ነው። «ለድፍረት» የሚባለው መጠጥም ፍርሃቱን ሳይሆን መጀመሪያ የጣትን ልክ ነው የሚወስደው። ትንሽ ኮዳ ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ያዢ፤ ትጎነጪዋለሽ፣ እጅሽንም ታሞቂበታለሽ። ክራሩንም ከሻንጣው አውጥተሽ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይለምድ ዘንድ 15 ደቂቃ ያህል አቆይው፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ክሩም ቆዳውም ስለሚለዋወጥ ቅኝቱ ይሸሻል። መጨረሻ ላይ የምትቃኚው ልትገቢ ስትዪ ነው። ትርፍ ክር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ተራሽን ስትጠብቂ የሌላውን ተፈታኝ አትስሚ፤ ራቅ በዪ። 5 ደቂቃ ያህል በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ በአፍሽ እስከ 7 እየቆጠርሽ አውጪ። የሚጠቅመው ማውጫው መርዘሙ ነው፤ የልብ ምት የሚቀንሰው ትንፋሽ ሲወጣ ነውና። ብዙ አየር በኃይል መሳብ ግን ያዞራል። ለራስሽም «ተረጋጊ» አትበዪ፤ የሚደልቅ ልብ በትእዛዝ አይተኛም። በ2014 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ ባሳተመችው ጥናት፣ ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ፈርቻለሁ» ካሉት የተሻለ ዘፍነዋል። ጉጉትም ፍርሃትም ልብን ያስደልቃሉ፤ ስሙን መቀየር ስሜቱን ከማጥፋት ይቀላል።

ስትገቢ አትሩጪ። እጅ ንሺ፣ ተቀመጪ፣ ክራሩን አመቻቺ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለሽ ነክተሽ ቅኝቱን ስሚ፣ አንድ ሙሉ ትንፋሽ አውጪ፣ ከዚያ ጀምሪ። ይህ ሁሉ 20 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ላንቺ ዓመት ይመስልሻል፤ ለዳኛ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሰው መምሰያ ነው።

ግጥሙ ቢጠፋ እጅሽ አይቁም። ምቱ ከቀጠለ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም። ወደ አዝማቹ ተመለሺ፤ ወይም ክራሩን ብቻ አንድ ዙር አስኪጂና ቀድሞ የመጣልሽን አንጓ አንሺ። ይህን ደግሞ አራተኛው ሳምንት ላይ ሆን ብለሽ አድርጊው፤ አንድ አንጓ ዝለዪና ማን እንዳወቀ ጠይቂ። ከንፈር መንከስ፣ «ይቅርታ» ማለት፣ ጭንቅላት መነቅነቅ ግን ያልታየውን ስህተት ያሳያል። ክር ከተበጠሰ ብቻ ቆመሽ በትሕትና ጊዜ ጠይቂ፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም።

ስለ ኪኒኑ፦ ጓደኛሽ የያዘችው ፕሮፕራኖሎል ወይም የእሱ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ የጠፋ ግጥም ግን አይመልስም። አስም ላለበት ሰው የመተንፈሻ ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል አደገኛ ነው፤ የልብ ምቱ ወይም የደም ግፊቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው፣ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድም እንደዚሁ ያሰጋል። ከጓደኛ እጅ አትቀበዪ። የምር ካስፈለገ ሐኪም መርምሮ ይዘዝልሽ፤ የመጀመሪያው ሙከራም በፈተናው ዕለት አይሁን። ፍርሃቱ ከመድረክ ውጭም እየተከተለ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ከሰው የሚያርቅሽ ከሆነ ደግሞ የመድረክ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ የዩኒቨርሲቲሽን የምክር አገልግሎት ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሪ።

መምህርነቱን በተመለከተ፣ ማስተማር ከወደድሽ መልካም ሙያ ነው። ነገር ግን 40 ተማሪ የሚያይሽ ክፍልም መድረክ ነው፤ ፍርሃቱን ይዘሽ ከሄድሽ እዚያም ይጠብቅሻል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ባርብራ ስትራይሳንድ በ1967 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ግጥም ጠፍቷት፣ በዚያ ፍርሃት ለብዙ ዓመታት ትኬት ከሚሸጥበት መድረክ ርቃ ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን ተመልሳ ዘፈነች። ያቺ ሴት ድምፅ ጎድሏት አልነበረም። አንቺም በአንድ ክፉ ቀን ላይ ተመርኩዘሽ የሦስት ዓመት ትምህርት አትወስኚበት። ይህን ልምምድ ይዘሽ 3 ፈተና ተፈተኚ፤ ከዚያ መድረኩን ትወጂው ወይም አትወጂው እንደሆነ በፍርሃት ሳይሆን በልክ ታውቂዋለሽ፤ ያኔ እንደገና ጻፊልን።

ዛሬ ማታ የሚጀመረው ግን የወረቀቶቹ ሥራ ነው። ስንት አንጓ አለው ዘፈንሽ? ቁጥሮቹን ጻፊ፣ አጣጥፊ፣ አንዱን አንሺ።