ቆማ ውሃ የምትሞላ ጀልባ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ጀልባዬ ውሃ ላይ ታስራ ነው የምትቆመው፣ መብራትም ባትሪም የለም፣ በሄድኩ ቁጥር ወለሉ ስር ውሃ ተጠራቅሞ ነው የማገኘው። ያለ ኤሌክትሪክ ማድረቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል ወንድሜ፣ ግን መጀመሪያ ከየት እንደሚገባ እወቅ። በደንብ አድርቃትና ዝናብ ሳይዘንብ ውሃ ካገኘህ ከስር ነው የሚገባው፣ የፕሮፔለሩ (ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ዘንግ የሚወጣበትን ቦታና ቫልቮቹን (ከስር ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ያሉትን የውሃ መዝጊያዎች) አስፈትሽ፣ ይሄ በፓምፕ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ጀልባዋን ያሰምጣታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ዝናብ ነው፣ 10 ካሬ ሜትር ክፍት ጀልባ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 500 ሊትር ገባ ማለት ነው እኮ! ስለዚህ ሸራ አልብሳት፣ መሃሉን በእንጨት ከፍ አርገው፣ ከረገበ ውሃ ያቁርና ተቀዶ ሁሉንም ባንዴ ይደፋብሃል። ለተረፈው በማሰሪያ ገመዱ የሚሠራ ፓምፕ አለ፣ ማዕበል ጀልባዋን ሲወዘውዝ ገመዱ ፓምፑን ይስበዋል፣ ላስቲክ ይመልሰዋል፣ በእያንዳንዱ ስበት ትንሽ ትንሽ እየቀዳ ያወጣል፣ ውሃው ጭራሽ የማይነቃነቅበት ቦታ ግን አይሠራልህም። የማስወጫ ቱቦው አፍ ደግሞ የግድ ከውሃው ወለል በላይ ይሁን፣ አለዛ ውሃው በዛው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። መምጠጫው ላይም ወንፊት አድርግ፣ አንዲት ቅጠል ትደፍነዋለች።