አባቶች ስብሰባ አይመጡም ላልሽው

ሰላም እህቴ። «ኮምቦልቻ ሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው፤ ስብሰባ ስንጠራ የሚመጡት እናቶች ብቻ ናቸው፣ አባቶች ልጁን በር ላይ ሰጥተው ይሄዳሉ፣ ምን እናድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ስብሰባውን ለጊዜው ተዪው። አባት የሚገኘው እዚያው በር ላይ ነው።

1. መጀመሪያ የምዝገባ ቅጹን አውጥተሽ እዪው። «የወላጅ ስልክ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለው የሚሞላው የእናት ቁጥር ነው። ልጁ ሲያተኩሰው ለእናት ይደወላል፣ ዳይፐር ሲያልቅም ለእናት፤ ከዚያ አባት «ምንም አይጠይቅም» ተብሎ ይታማል። ማን ነገረውና! ሁለት መስመር አድርጉት፣ ከአባት ስልክ ጎን ሺፍቱን ጻፉ። ፋብሪካ አድሮ ልጅ የሚያደርስ ሰው ጠዋት ወሬ አይሰማም፤ እሱን ሌላ ሰዓት አናግሩት። የ9 እና የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮም ለሁለቱም ይነገር።

ጭራሽ አባት ልጁን ሊወስድ ሲመጣ «እናትየዋን ላክ» የሚል ማቆያም አለ። ይህን አንዴ የተባለ ሰው ተመልሶ ቢኮርፍ አይፈረድበትም። ማን መውሰድ እንደሚችል በምዝገባው ቀን በፊርማ ይያዝ። የፍርድ ቤት እገዳ ካለ ወይም እናት የምትሰጋበት ነገር ካለ ግን እሱ ይቀድማል፤ «አባት ይሳተፍ» ብላችሁ እንዳትጫኗት።

2. «ደህና ውላለች» አይበቃም። አንድ ያየሽውን፣ አንድ ማታ የሚሠራውን ንገሪው፦ «የሐያት አባት፣ ዛሬ ሦስት ኩብ ደረደረች፤ አራተኛው ሲናድባት ሳቀች። ማታ ባዶ የሻይ ቅጠል ካርቶን ይስጧትና አብረው ይደርድሩ።» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለሁሉም በየቀኑ አይደረስም፤ ተራ አውጡና ለማን እንደተነገረ ደብተር ላይ ምልክት አድርጉ።

ጠዋት ደግሞ ልጁ ሳያይ ሹልክ የሚል አባት ብዙ ነው፤ እናንተም «ሳታይህ ቶሎ ሂድ» ትሉታላችሁ። ይሄ ነው የሚያበላሸው! ልጅቷ በማግስቱ ገና በሩን ስታይ አንገቱ ላይ ትጣበቃለች። ቁጢጥ ብሎ ፊቷን እያየ «ከእንቅልፍሽ ስትነሺ እመጣለሁ» ይበላት፣ ይሳማት፣ በእጁ ያስረክባችሁ። ከእቅፉ አትንጠቁ። ከወጣ በኋላ ብታለቅስም አይመለስ።

ሥራም ስጡት፤ አጥር ማጠርና ወንበር መሸከም ብቻ ግን አይሁን። ከአናጺ ቤት ቁርጥራጭ እንጨት ለምኑና 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይቁረጥ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልስ። ቀለም አይቀባ፤ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ቀለም ደግሞ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። በሶፍት ጥቅል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቂያ ነው፣ ትንሽ አይቁረጥ። ኩቡን አስረክቦ እንዳይሄድ፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር ይደርድር።

ዳይፐር አጣሞ ቢያስር አትሳቁበት፣ እናቶች ፊት በፍጹም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት የወሊድ ፈቃዷ 120 ቀን ነው፤ አባት 3 ቀን። መቼ ይለማመደው? ልጁን የሚጎዳ ካልሆነ ዝም በሉ፤ የሚጎዳ ከሆነ ለብቻው አሳዩት።

ስብሰባው የግድ ከሆነ የባቲ ገበያ ቀን ሰኞን፣ የጁምአን ቀትር፣ እሑድ ማለዳን፣ በረመዳን ደግሞ ማታውን ተዉ። ጥሪው በእናት በኩል አይላክ፤ ለራሱ ይደወልለት። ከ40 ደቂቃ አይለፍ።

አረብ አገር ያለ አባትም አይረሳ። በቤተሰቡ ፈቃድ፣ ልጁ አዲስ ቃል ባወጣ ቀን ድምፁን ቀድታችሁ በኢሞ ላኩለት፤ እሱም የመኝታ ሰዓት ተረት ቀድቶ ይላክ። የሄደችው እናት ሆና ልጁን የያዘው አባት ከሆነ ደግሞ የቅጹ የመጀመሪያ መስመር የእሱ ነው። ቅጹን ለመቀየር መስከረምን አትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት በር ላይ በእስክሪብቶ ጨምሩት።