ኢንተርኔት በመብራት ገመድ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ቤታችን ሰሚት ነው። ራውተሩ ሳሎን ነው። ልጄ ትምህርቷን በኢንተርኔት ስለምትከታተል ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ክፍል ለቀቅንላት። ዋይፋዩ ግን እዚያ አይደርስም። ወንድሜ ለገና ከለንደን ሲመጣ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሁለት ነጫጭ ዕቃዎች ይዞልን መጣ። «ኢንተርኔቱን በመብራት ገመድ ያደርሱላችኋል» አለን። ካርቶኑ ላይ 600 ሜጋ ቢት ይላል። አንዳንዴ ይሠራሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ቪዲዮው ይቆራረጣል። እንጀራ ስንጋግር ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ወንድሜ «የቤታችሁ ሽቦ ነው» ብሎኝ ተመለሰ። እውነት ሽቦው ነው? ግቢውን ሳላስቆፍር መፍትሔ አለው?
የልጅ እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦ ወንድምዎ ያሉት እውነትነት አለው። ግን ሽቦውን ከመውቀሳችን በፊት ሶኬቱን እንይ።

ዕቃው ከለንደን ከመጣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው ያለው። የእኛ ሶኬት ያንን አይቀበልም። ስለዚህ ቀያሪ ላይ ሰክታችሁታል፤ ቀያሪው ማከፋፈያ ላይ፣ ማከፋፈያው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታብላይዘር ላይ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ቤት የማየው ይሄንን ነው። የመብራቱ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እነዚህ ዕቃዎች ደግሞ ዳታውን በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 28 ሚሊዮን ጊዜ በሚርገበገብ ደካማ ሞገድ ላይ ጭነው እዚያው ሽቦ ላይ ይለቁታል። አዳዲሶቹ ከዚያም በላይ ይወጣሉ። ጥሩ ስታብላይዘርና መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ግን እንዲህ ያለውን ፈጣን ሞገድ እንዲያጣሩ ነው የተሠሩት። የልጅዎን ትምህርትም እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያስቀሩታል። ቀያሪው ምንም አይደለም፣ ጠበቅ ያለ ይሁን እንጂ። ማከፋፈያውንና ስታብላይዘሩን ግን ያውጧቸውና ሁለቱንም ዕቃዎች ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኳቸው። ነገ ጠዋት ይሞክሩት፣ ወጪ የለውም።

ይህ ካልበቃ ቀጣዩ ጥያቄ ፌዝ ነው፤ ኃይል ወደ ቤት የሚያስገባው መስመር ማለት ነው። ቤትዎ ስሪ ፌዝ ከሆነ፣ ማለትም ኃይል በሦስት መስመር የሚገባለት ከሆነ፣ ሠፈሩ በርቶ የእርስዎ ቤት ግማሹ ብቻ የጨለመበት ቀን አይጠፋም። አንድ ፌዝ ሲሄድ ማለት ነው። ያን ዕለት ሳሎኑ ጨልሞ ሰርቪሱ በርቶ ከነበረ፣ ሁለቱ በተለያየ ፌዝ ላይ ናቸው። ዳታው ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው ዘሎ የሚደርሰው ተዳክሞ ነው፤ «አንዳንዴ ይሠራል» ያሉኝም ለዚህ ይሆናል። ኤሌክትሪሻኖች ቶሎ ብለው «መስመሩን እናዛውረው» ይላሉ። እኔ አልመክርም፣ ምጣድ ያለበትን መስመር ሳሎኑ ላይ መደረብ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ይልቅ ራውተሩን ከነዕቃው ከሰርቪሱ ጋር አንድ ፌዝ ላይ ወዳለ ክፍል ያዛውሩት። ኮሪደር ሊሆን ይችላል፣ መኝታ ቤት ሊሆን ይችላል። የትኛው ሶኬት የየትኛው ፌዝ እንደሆነ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ለይቶ ይነግርዎታል።

ሰርቪሱ ቀድሞ ተከራይቶ የራሱ ቆጣሪ ገብቶለት ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ቆጣሪ ሞገዱን ያዳክመዋል።

ወደ ምጣዱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ሰው ሁሉ ምጣዱን ይወቅሳል። ምጣድ እኮ የሚግል ሽቦ እንጂ ሌላ አይደለም፤ በራሱ ብዙ ረብሻ አይፈጥርም። እንዲያውም አልጋ ሥር የሚሰካው ርካሽ የስልክ ቻርጀር ይብሳል። ነገር ግን 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። መንገዱ ላይ አንድ የላላ ማያያዣ ካለ፣ ያ ሁሉ ኃይል ሲያልፍበት ውስጥ ለውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ያ ብልጭታ ዳታውን ይበጠብጠዋል። እናም ጋግረው እንደጨረሱ የምጣዱን ሶኬት ፊት በእጅዎ ጀርባ ነካ አድርገው ይዩት። ከጋለ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎት፣ የኢንተርኔቱን ነገር ይተዉትና ብሬከሩን አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ። የሚያሰጋው እሳት ነው።

ካርቶኑ ላይ ስላለው 600 አይጨነቁ። ቁጥሩ መላኪያና መቀበያው ተደምሮ፣ ምንም ረብሻ በሌለበት ሽቦ ላይ የተሰላ ነው። 600 ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የኬብል መሰኪያቸው ራሱ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለትምህርት ቪዲዮ ጥቂት ሜጋ ቢት ይበቃል፣ ካልተቆራረጠ። ሆምፕለግ የሚባለው የዚህ ቴክኖሎጂ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ተስፋ የሰጠው 14 ብቻ ነበር። ልጅዎ እሱንም ቋሚ ሆኖ ብታገኘው አታማርርም።

አንድ ነገር ልጨምር። እቤት ውስጥ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የውጭ ጣቢያ የሚያዳምጡ አባት ካሉ፣ ዕቃው ሲሰካ ሬዲዮው «ሽሽሽ» ሊልባቸው ይችላል። የሚጠቀሙት ያንኑ የሞገድ ክልል ነው። የሬዲዮውን ባትሪ አያስቀይሯቸው።

የእኔ ምርጫ ግን ላን ኬብል ነው፣ ከራውተሩ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው የኢንተርኔት ገመድ። መቆፈርም አያስፈልግም። ከሳሎኑ መስኮት አውጥቶ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በአጥሩ ግንብ ላይ አስይዞ ሰርቪሱ ድረስ መውሰድ ነው። እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ሲገዙ ለውጭ የሚሆነውን ጥቁሩን ይጠይቁ፤ ሽቦውም ሙሉ መዳብ ይሁን፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በብዛት ይሸጣል። ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ እንዳያስገቡት። ሌላው ጥቅሙ መብራት ሲሄድ ነው። እነዚያ ነጫጭ ዕቃዎች ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ ላይ) ቢሆንም እንኳ ይሞታሉ። ኬብል ከሆነ ግን ልጅዎ ላፕቶፗ ላይ ሰክታ ትምህርቷን ትቀጥላለች።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ይህንኑ ዕቃ ቢገዛ በግድግዳው ሽቦ በኩል ኢንተርኔቴን ሊጠልፈኝ ይችላል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ይችላል፣ እርስዎ ዕቃውን እንደመጣ ከተጠቀሙበት። ቆጣሪ ሞገዱን ያዳክመዋል እንጂ ጨርሶ አያግደውም። በዚያ ላይ የኮንዶሚኒየም ሽቦዎች ከቆጣሪዎቹ ተነስተው ጎን ለጎን ነው የሚወጡት። ዳታው የሚሄደው ተቆልፎ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ቁልፋቸው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። መፍትሔው ጎናቸው ላይ ያለችው አዝራር ናት። አንዱን ይጫኑ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላውን ይጫኑ። መብራታቸው ብልጭ ድርግም ማለቱን ሲያቆም ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አዲስ ቁልፍ ይዘዋል ማለት ነው። ከሰው እጅ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት። አሠራሩ ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ መመሪያውን ይመልከቱ።