የዊንተር ቢል መጣ፦ ጥያቄና መልስ

ብርዱ ከገባ ወዲህ የምትልኩልኝ መልእክት ሁሉ ስለ ሂተር ሆኗል። ከአሜሪካ የመጡትን አሳጥሬ ልመልስ።

"የሁለት ወር የጋዝ ቢል ተጠራቅሞብኛል። ላይሂፕ የሚባል እርዳታ አለ አሉኝ፤ ብድር ነው እንዴ? ሰው ፊት ቆሜ መለመኑም ይከብደኛል።" (ከሚኒያፖሊስ)

ብድር አይደለም፤ አይመለስም። ላይሂፕ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመ የፌዴራል እርዳታ ነው፤ ገንዘቡን የሚያድለው ስቴቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እጅዎ አይገባም፣ ቀጥታ ለጋዝ ወይም ለመብራት ኩባንያው ይከፈላል። ደግሞ ልመና አይበሉት። ታክሱን ከደሞዝዎ ሲቆርጡ እነሱን ይሉኝታ አልያዛቸውም።

"ሚኒሶታ በብርድ ጋዝና መብራት አይቆርጡም" የሚለው ወሬ ግን እውነትነቱ ግማሹ ነው። ሕጉ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ይከላከልልዎታል፤ ግን እርስዎ ራስዎ ለኩባንያው ደውለው በወር ስንት እንደሚከፍሉ መስማማት፣ የተስማሙበትንም መክፈል አለብዎት። ዝም ካሉ ሊቆረጥ ይችላል። የማቋረጫ ደብዳቤ ደርሶዎት ከሆነ ይህንኑ ሲያመለክቱ ይናገሩ። በፌዴራሉ ሕግ የአስቸኳይ እርዳታ በ48 ሰዓት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን ደግሞ በ18 ሰዓት ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። ቢሮው የት እንደሆነ ካላወቁ 211 ይደውሉና አስተርጓሚ ይጠይቁ።

"ሂተሩ ኪራዩ ውስጥ ነው። እኔን አይመለከተኝም አይደል?"

ሊመለከትሽ ይችላል። ሚኒሶታን ጨምሮ በበርካታ ስቴቶች እንዳንቺ ያለ ተከራይም ያመለክታል። ሊዙን ይዘሽ ሂጂ።

"ኡበር ነው የምሠራው። አንድ ወር ደህና፣ አንድ ወር ባዶ። የትኛውን ገቢ ልጻፍ?"

የገባውን እንዳለ ጻፍ፤ የቤንዚንና የጥገና ደረሰኞችህንም አትጣል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ባለፈው ዓመት የሞላውን ታክስ ይጠየቃል፣ በብዙ ቦታም የሚታየው ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ነው።

"ይህን እርዳታ ከወሰድኩ ግሪን ካርዴ ይበላሻል?"

ግሪን ካርድ በእጅሽ ካለ ላይሂፕ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ የለብሽም። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባ ሰውም ያመለክታል፣ ፐብሊክ ቻርጅ የሚባለው ጣጣ ("የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል" ተብሎ ግሪን ካርድ መከልከል) እሱን አይነካውም። ለዜግነት ስታመለክቺም ይህ አይጠየቅም። በቤተሰብ በኩል ገና ግሪን ካርድ እየጠበቅሽ ከሆነ ግን የላይሂፕን ፎርም ከመሙላትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። ቡና ላይ የተሰበሰበው ጠበቃ ሁሉ አይቆጠርም።

"በር አንኳኩቶ 'መብራት አረክስልሃለሁ፣ ቢልህን አሳየኝ' የሚል ልጅ መጣ።" (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እንዳታሳየው! ቢሉ ላይ ያለው የአካውንት ቁጥር ካለው፣ ወደ ሌላ የመብራት ሻጭ ሊያዞርህ የሚጎድለው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ የረከሰው ዋጋ ኋላ ቢሰቀል ልጁ የት ይገኛል?

"እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ሂተሩ ወጪ ያበዛል ብላ ሳሎን ከሰል ታቀጣጥላለች፤ ማታ ደግሞ ኦቨኑን ከፍታ ትሞቃለች።"

ሌላውን ሁሉ ትተሽ ይህን ዛሬውኑ አስቁሚ። እኔ ቤትም ሆኗል። እናቴ በረንዳ ላይ ያቀጣጠለችውን ከሰል "ፍሙ ቀልቷል፣ አይጎዳም" ብላ ይዛው ገባች። እሷን ያታለላት ቅላቱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም፤ የቀላው ፍም ያወጣዋል። አገር ቤት በሩ ይከፈታል፣ በየቀዳዳው ነፋስ ይገባል። እዚህ መስኮቱ ሁሉ ተጠርቅሟል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወደ ውጭ ውጡና 911 ደውሉ። መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመርመሪያ ስቀዪ።

ሂሳቡንም አሳያት። 1500 ዋት ትንሽ ሂተር ስምንት ሰዓት ቢበራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 16 ሳንቲም ከሆነ በቀን ሁለት ዶላር አይሞላም። ለሷ ክፍል ብቻ፣ ነቅታ ሳለች፣ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ አርቃችሁ አብሩላት፤ ኤክስቴንሽን ላይ ግን አትሰኩት። በበሩ ሥር ነፋስ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ዌዘራይዜሽን የሚባለውን ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ቀዳዳውን በነፃ ይደፍናሉ። ኪራይ ቤት ከሆነ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት።

ለቡናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዢላት። እናቴ "ጣዕም የለውም" እያለች ሦስተኛውንም ትጠጣለች።