ማስተርሱ ይቅደም ወይስ ፋብሪካው?

«ጋሼ፣ ኬሚካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። አንድ የወርቅ ፋብሪካ በጁኒየር ሜታለርጂስትነት (ከድንጋይ ማዕድን በሚያወጣ ጀማሪ ባለሙያነት) ሊቀጥረኝ ጠይቆኛል። ቦታው ሩቅ ነው፣ ኑሮው ካምፕ ውስጥ ነው። አማካሪ መምህሬ ደግሞ ‹ውጤትሽ ጥሩ ነው፣ እዚሁ ማስተርስ ቀጥዪና ናኖ ቁሶች ላይ ትሠሪያለሽ› ይሉኛል። እናቴ ማዕድን የወንድ ሥራ ነው ብላ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። እኔ ዞሮ ዞሮ ተመራማሪ መሆን ነው የምፈልገው። የቱን ልምረጥ?»

እህቴ፣ መልሱን አላቆይብሽም። ወደ ፋብሪካው ሂጂ። ተመራማሪ መሆን ባትፈልጊ ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ስለምትፈልጊ ነው ሂጂ የምልሽ።

ማዕድን ማበልፀግ ከሌላው ምህንድስና ለየት የሚልበት አንድ ነገር አለ። ጥሬ ዕቃሽን አንቺ አታዢውም። ተፈጥሮ የሰጠችሽን ነው የምትቀበዪው። ጉጂ ለገደምቢ ላይ ያለው ድንጋይና ቤኒሻንጉል ኩርሙክ ላይ ያለው ድንጋይ ሁለቱም ወርቅ አላቸው፤ ግን አንዱ ላይ የሠራ አሠራር ሌላው ላይ እንዳለ ይሠራል ማለት አይደለም። እዚያው አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንኳን የዘንድሮው ድንጋይ ካምናው ይለያል። ስለዚህ የምርምር ጥያቄ የሚገኘው ድንጋዩ ሲፈጭ ቆመው ካዩት ነው። ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጦ የተመረጠ ርዕስ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር የተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ቀላል ሒሳብ ላሳይሽ። አንድ ፋብሪካ በቀን 3,000 ቶን ድንጋይ ይፈጫል እንበል። በእያንዳንዱ ቶን ውስጥ 2 ግራም ወርቅ አለ። ወርቁ ከተለቀመለት በኋላ ወደ ዝቃጭ ግድቡ፣ ማለትም ትርፉ ጭቃ ወደሚጠራቀምበት በሚሄደው ውስጥ ደግሞ በቶን 0.2 ግራም ይቀራል። ሪከቨሪው፣ ማለትም ከገባው ወርቅ ውስጥ የተለቀመው ድርሻ፣ 90 በመቶ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ግን 0.2ን በ3,000 አባዢው። በቀን 600 ግራም ወርቅ ከጭቃው ጋር ይሄዳል። በዓመት ከ200 ኪሎ በላይ ማለት ነው። አንቺ ያንን 0.2 ወደ 0.15 ብታወርጂው በዓመት ወደ 55 ኪሎ ወርቅ አዳንሽ።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ያ 0.2 ግራም ለምን ቀረ? ወርቁ ኳርትዝ ወይም ፒራይት በሚባሉት ማዕድናት ውስጥ ተሸሽጎ፣ ወርቅ የሚያሟሟው ሳያናይድ አልደረሰበትም? እንዲያ ከሆነ በደንብ አልተፈጨም ማለት ነው። ግን አድቅቀሽ ፍጪ ብትዪ ፋብሪካው ውስጥ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚበላው ወፍጮው ነው፤ ወጪው ትርፉን ሊበላው ይችላል። ወይስ ታንኩ ውስጥ ኦክስጅን አነሰ? ወርቅ ያለ ኦክስጅን ሳያናይድ ውስጥ እንደማይሟሟ ክፍል ውስጥ ተምረሻል። ወይስ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን አለውና የሟሟውን ወርቅ መልሶ ይይዘዋል? ወይስ ወርቁን የሚለቅመው የኮኮናት ቅርፊት ከሰል ደቅቆ በወንፊቱ ሾልኮ ወጣ? እያንዳንዱ አንድ ማስተርስ ይወጣዋል። አንዳንዱ ዶክትሬትም ይወጣዋል። ማካርተርና የፎረስት ወንድማማቾች የሳያናይዱን ዘዴ ግላስጎው ውስጥ ካወጡት ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬሚስትሪው ይታወቃል፤ የማይታወቀው የአንቺ ድንጋይ ነው።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ ውስጥ ጁኒየር ሳለሁ ሪከቨሪው ለሦስት ሳምንት ያህል ወረደ። ሁላችንም ተረበሽን። ሳያናይድ ተጨመረ፣ ኖራው ተስተካከለ፣ ከሰሉ ተቀየረ። እኔም ጥፋቱ የከሰሉ ነው የሚል ስድስት ገጽ ሪፖርት በግራፍ አስደግፌ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ፈረቃ ላይ ናሙና የሚሰበስቡ አንድ ትልቅ ሰው ጠሩኝ። ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ግን ከሁላችንም በላይ ቆይተዋል። በባትሪ እያበሩ ወደ ወፍጮው መውጫ ወሰዱኝ። እዚያ የተፈጨው ድንጋይና ውኃ ተደባልቆ በቱቦ ይወርዳል። ናሙና የሚቀዳው መሣሪያ በየተወሰነ ደቂቃ ፈሳሹን ከዳር እስከ ዳር እየቆረጠ ያልፋል። አፉ ላይ ጭቃ ደርቆ ቀዳዳው ጠብቦ ነበር። በጣታቸው ነክተው «ይኸው፣ ሻካራው አይገባም፤ ደቃቁ ብቻ ነው የሚገባው» አሉኝ።

እዚያ ድንጋይ ላይ ወርቁ ያለው ሻካራው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ወደ ፋብሪካው የሚገባው ወርቅ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። የሚገባው ሲያንስ፣ ከዝቃጩ ጋር ሲነጻጸር ሪከቨሪው የወረደ ይመስላል። በማግስቱ የቀለጠውን ወርቅ የክብደት መዝገብ አወጣሁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ወርቁ ምንም አልቀነሰም! ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔም አላስቀመጥኩም። ሪፖርቴን ስመልሰው ፊቴ እንዴት እንደጋለ ዛሬም ትዝ ይለኛል። እሳቸው ግን ለማንም አላወሩብኝም።

ስለዚህ ላብ ስትገቢ ማሽኖቹ አያስጎምጁሽ። ናሙናው ከየት እንደተቀዳ፣ ማን እንደቀዳው፣ እንዴት እንደተከፋፈለ ጠይቂ። በእሳት ምርመራ 50 ግራም ዱቄት መዝነሽ ታቀልጫለሽ። ድንጋዩ በቶን 2 ግራም ካለው፣ 50 ግራሙ ውስጥ ያለው ወርቅ የሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው። አብሮት የቀለጠው እርሳስ በማቅለጫው ጽዋ ተመጥጦ ሲያልቅ እሳት ልሶት የሚቀረውን ጠብታ በፒንሴት ለመያዝ ትንፋሽሽን ትይዢያለሽ። ያቺ ጠብታ የ3,000 ቶን ምስክር ናት። ናሙናው ዋሽቶ ከሆነ እሷም ትዋሻለች፤ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ጥናት ሁሉ ይዋሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ስለ ደኅንነት ሳታፍሪ ጠይቂ። የሳያናይድ ታንኮች አጠገብ ነው የምትውዪው። ውኃው አሲዳማ ከሆነ ሳያናይድ ጋዝ ይሆናል፤ ኖራ የሚጨመረውና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ10 በላይ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ሽታው ያስታውቃል የሚልሽን አትስሚ፤ በተፈጥሮው ጨርሶ የማይሸተው ሰው ብዙ ነው። ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል? ክሊኒኩ ውስጥ ማርከሻውና ኦክስጅኑ አለ? የድንገተኛ ሻወሩ ውኃ አለው ወይስ ለታይታ ነው? ጓንትና ቦቲ በአንቺ ልክ አለ? ለወንድ የተሰፋ ትልቅ ጓንት አድርገሽ የብርጭቆ ዕቃ መያዝ አደጋ ነው። እነዚህን ስትጠይቂ የሚቆጣ አሠሪ ካጋጠመሽ ቦታውን ተዪው። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

ዝቃጭ ግድቡንም ሄደሽ እዪው። ሮማኒያ ባያ ማሬ ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ግድብ ተደርምሶ ሳያናይድ ያለበት ውኃ እስከ ዳኑብ ወንዝ ደርሷል። ብራዚል ብሩማዲንዮ ላይም በ2019 እ.ኤ.አ. ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰው አልቋል። በእኛም አገር በ2018 እ.ኤ.አ. የለገደምቢ አካባቢ ሕዝብ ጤናችን ተጎዳ ብሎ አደባባይ ወጥቶ የወርቅ ማውጫው ፈቃድ ታግዶ ነበር። ግድቡን የሚከታተል፣ ውኃውን የሚለካ፣ ለአካባቢው ሰው ቁጥሩን በግልጽ የሚያስረዳ ባለሙያ ወደፊት በጣም ይፈለጋል። ይህን ዘርፍ አትናቂው።

የወርቁ ነገር ባይሳካ ደጁ አልተዘጋም። ሲሚንቶም ድንጋይ መፍጨት ነው፤ እንደውም ወፍጮን በደንብ የምትማሪበት ነው። ሙገር፣ ደርባ፣ ለሚ ያሉት ፋብሪካዎች ክራሸር (ድንጋይ ሰባሪ)፣ ቦል ሚል (በብረት ኳሶች የሚፈጭ ወፍጮ) እና ድንጋዩን እስከ 1,450 ዲግሪ የሚያግል እቶን አላቸው። ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ፌሮ የሚያወጡትም አሉ። ሜታለርጂ ወርቅ ብቻ አይደለም።

ወደ ማስተርሱ ልመለስ። ናኖ ቁሶች መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አስተማሪሽም ለበጎ ነው ያሉሽ። ግን አስቢው። በገበቴ ወርቅ የሚያጥቡ ስንት ወገኖች አሉን። ሻካራው ወርቅ ይቀርላቸዋል፤ ደቃቁ ከውኃው ጋር ይሄዳል። አንዳንዱ ይህንን ለመያዝ ሜርኩሪ ይጠቀማል፣ እዚያው በእሳት ያተነዋል፣ ልጆቹ አጠገቡ ናቸው። ሜርኩሪን ለመቀነስ የሚናማታ ስምምነት ከተፈረመ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው! ያለ ሜርኩሪ ያንን ደቃቅ ወርቅ በርካሽ የሚይዝ የማጠቢያ ሳንዱቅ ወይም የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ያስፈልገናል። ለዚህ የናኖ ላብ አያስፈልግም። ወንዝ ዳር መቀመጥ፣ ወንፊትና ጥሩ ሚዛን ይበቃል።

ሁለት ዓመት ስጪው። አንድ ዓመት አይበቃም፤ የመጀመሪያው ዓመት ስሞችን በመልመድ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ቢሮ አትፈልጊ፤ ፈረቃ ግቢ፣ ሌሊቱንም ጭምር። በየቀኑ በደብተር ጻፊ፤ የገባው ስንት፣ የወጣው ስንት፣ ልዩነቱ ለምን። የኩባንያው መረጃ የኩባንያው ነውና ለምርምር መጠቀም ከፈለግሽ በጽሑፍ ፈቃድ አግኚ። ከዚያ ማስተርስ ስታመለክቺ «ይህ ዓይነት ድንጋይ ይህን ዓይነት ችግር ፈጠረብኝ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። እዚሁ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መቀጠል ትችያለሽ። ወደ ውጭ ካሰብሽ ሊዬዥ (ቤልጂየም)፣ ናንሲ (ፈረንሳይ)፣ ሉሌዮ (ስዊድን) እና ፍራይበርግ (ጀርመን) ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡትን፣ የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፈውን የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ተመልከቺ፤ ፍራይበርግ ከ1765 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕድን የሚያስተምር ቤት ነው። ለመምህርሽም በሩን ሳትዘጊ ንገሪያቸው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ ጥያቄ ይዤልዎ እመጣለሁ» በያቸው። ጥሩ መምህር በዚህ አይቀየምም።

እናትሽን በክርክር አትርቺያቸውም፣ አትሞክሪውም። እሳቸው የሚፈሩት ሙያውን ሳይሆን ርቀቱን ይመስለኛል። ስንት ሳምንት ሠርተሽ ስንት ቀን እንደምታርፊ ጠይቀሽ በካላንደር ላይ ምልክት አድርጊላቸው። የሴቶቹ መኝታ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቀው ንገሪያቸው። ቀድማ እዚያ የምትሠራ ሴት ካለች፣ ስልኳን ለምኚና እናትሽ ራሳቸው ያናግሯት፤ አንቺ ከክፍሉ ውጪ።