ሁለት ካርቡራተር ለአንድ ቮልስ፦ ከድሬም ከሐረርም የመጡ ጥያቄዎች

ቮልስ ላይ ሁለት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) ስለመግጠም የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አቦ፣ ጠየቃችሁ! የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ባለ 1600 ሞተር ቮልስ አለችኝ። ሁለት ካርቡራተር ብገጥምላት እውነት ለውጥ አለው? ነዳጅስ ይቆጥባል?

መልስ፦ ለውጥ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ከሆነ ግን ብርህ ኪስህ ውስጥ ይቀመጥ። የቮልስ ሞተር ጠፍጣፋ ነው። 1 እና 2 ቁጥር ሲሊንደር በቀኝ፣ 3 እና 4 በግራ ተኝተዋል። ፋብሪካው የሰጠው አንዱ ካርቡራተር መሃል ቁጭ ብሎ በረጅም ቀጭን ቱቦ ለሁለቱም ጎን ያካፍላል። መንገዱ ስለሚረዝም ቤንዚኑ ከአየሩ ተለይቶ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዱ በየቴስታታው (በየጎኑ ሲሊንደሮች ክዳን) አናት ላይ ይቀመጣል፤ መንገዱም ያጥራል። ፔዳሉን ስትነካ ቶሎ ትሰማሃለች፣ ዳገትም አይከብዳትም። የጋራዥ ፈጠራ እንዳይመስልህ። ቮልስዋገን ራሱ በፈረንጆቹ 1963 «1500 ኤስ»ን ሲያወጣ ሁለት ካርቡራተር ገጥሞላት ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጥንድ አግኝቻለሁ። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ የቢራቢሮውን (የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ሳህን) ዘንግ በጣትህ ይዘህ ወዝውዘው። ከተንቀጫቀጨ በዚያ በኩል አየር ይስባል፤ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) መቼም አይረጋልህም። ከዚያ ሁለቱንም አስከፍተህ ጄቶቹ (ቤንዚን የሚያልፍባቸው ባለ ቀዳዳ ትናንሽ ብሎኖች) ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያይ። ቁጥሩ የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይነግርሃል፤ 50 ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። የቀኙ 50፣ የግራው 55 ከሆነ በካቻቢቴ የምታስታርቀው ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ገጠምኳቸው። አሁን ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ካርቡራተሮቹን ሦስቴ ፈትቼ አጠብኩ፤ ያው ናት።

መልስ፦ አራተኛ እንዳትፈታ! ካርቡራተር የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። በጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር አድርግ። ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላ እሳት የሚያስነሳውን) 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ አድርገው። የማቀጣጠያ ሰዓቱንም አረጋግጥ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር መነካካት፣ ሚዛኑ የተበላሸበት ነጋዴ ዋጋ ሲቀያይር እንደመዋል ነው።

ቀጥሎ ማኒፎልዱ (ከካርቡራተሩ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ቴስታታው ላይ የሚያርፍበትን ጓርኒሲዮን (በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ) እይ። አዲስ ሲገጠም ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

አሁንም ከተንቀጠቀጠች የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ንቀል። እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይሁን፤ አለበለዚያ የሚመታህን ታስታውሰዋለህ። ስትነቅለው የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም አይሠራም ነበር። የሞቱት ሁለቱም በአንድ ጎን ከሆኑ፣ ያን ጊዜ የዚያን ጎን ካርቡራተር ጠርጥር።

ሳልናገር የማላልፈው አለ። እኔው ራሴ አንዴ አቧራ እንዳይገባ ብዬ የማኒፎልዱን አፍ በጨርቅ ወትፌ ነበር። ከነጨርቁ ካርቡራተሩን ገጠምኩበት። ግማሽ ቀን ሙሉ ኤሌክትሪኩን ስመረምር ዋልኩ። ጨርቁን ያገኘው ልምምድ ላይ የነበረው ልጅ ነው። እስከዛሬ ያነሳብኛል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን እኩል የማደርግበት መለኪያ የለኝም። ያለ እሱ ይሆናል?

መልስ፦ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ጎማና ጆሮህ ይበቃሉ። አስቀድመህ ሩብ ሰዓት ያህል ንዳት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚሰፋ የሁለቱ ካርቡራተሮች ርቀትም ይለወጣል። በቀዝቃዛ ያስተካከልከው ሲሞቅ ይዛባል። ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኘውን ዘንግ ፍታ። ይህ ዋናው ነገር ነው፤ ዘንጉ ታስሮ እያለ አንዱን ስታዞር ሌላውንም ትጎትታለህ።

የጎማውን አንድ ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን የአንዱ ካርቡራተር አፍ ላይ አድርግ። ፉጨቱን ስማ። ወደ ሌላው ሂድና በተመሳሳይ ቦታና ርቀት ስማ። የሚጮኸው ብዙ አየር የሚስበው ነው። የሚኒሞ ብሎኖቹን እያዞርክ ፉጨቱን እኩል አድርግ፤ ሞተሩም በደቂቃ 900 ዙር አካባቢ ይርጋ። ከዚያ የድብልቁን (የቤንዚኑንና የአየሩን መጠን የሚወስኑትን) ብሎኖች ተራ በተራ ወደ ውስጥ አጥብቅ። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ቀስ ብለህ መልስና ድምፁ የተስተካከለበት ላይ ተው። ፉጨቱን እንደገና ስማ፤ ይለወጣልና።

ዘንጉን መጨረሻ ላይ መልስ። ስትገጥመው ርዝመቱ ልክ ይሁን፤ አንዱን ቢራቢሮ እንኳ የፀጉር ታህል ከከፈተው የደከምክበት ሁሉ ገደል ገባ። 2000 ዙር ላይም አንዴ ስማ። ሚኒሞ ላይ እኩል ሆነው ፔዳል ሲነካ አንዱ የሚቀድም ብዙ አጋጥሞኛል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው፤ በየሳምንቱ ድሬ እወርዳለሁ። ሐረር ላይ ተስተካክላ ቆንጆ ትሠራለች። ድሬ ስደርስ ግን ትግላለች፣ ፔዳል ስረግጥም ታስነጥሳለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ከፍታ ላይ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ሐረር ላይ የተስተካከለች መኪና ድሬ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚን ያንሳታል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ ሞተር ያግላል። የአንቺዋ በውሃ ሳይሆን በአየር የምትቀዘቅዝ ናት፤ በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ።

እና ለድሬ አስተካክያት። ደንገጎን ወጥተሽ፣ በሐሮማያ አድርገሽ ሐረር ስትገቢ ካንዴላው ትንሽ ይጠቁር ይሆናል። ይጥቆር፤ የጠቆረ ካንዴላ ይጠረጋል። የቀለጠ ፒስተን አይጠረግም። ድሬ ላይ ጥቂት ነድተሽ አራቱንም ካንዴላ ፍቺና እዪ፤ ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ደህና ነሽ። ነጭ ከሆኑ ቤንዚን አንሷታል። ማስነጠሱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን የሚኒሞዋ ጄት አቧራ ይዛ ይሆናል። በአየር አስነፊያት፣ ሽቦ እንዳታስገቢባት።

ጥያቄ፦ እኩለ ቀን ላይ ድሬ ታይዋን ገበያ አቁሜ ዕቃ ገዝቼ ስመለስ አልነሳም ትላለች።

መልስ፦ ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም ይቆማል። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈላና ወደ ማኒፎልዱ ይፈስሳል። ፔዳሉን አትደጋግም፤ እስከ ግማሽ ረግጠህ ያዝና አስነሳ። ካርቡራተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ፋይበር ብታስገባ ይረዳል። ጥላ ፈልጎ ማቆምም አይከፋም።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲ አለኝ። እኔስ ልግጠም?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይተዉት። የእንጀራ መኪና ናት። አንዱን አሳጥበው ማጣሪያውን ይቀይሩላት፤ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ከገጠምኩ ወዲህ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸተኛል። ትንሽ ነው፤ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! እስክታየው ድረስ አታስነሳት። ሁለት ካርቡራተር ማለት ተጨማሪ ጎማ ቱቦ፣ ተጨማሪ መጋጠሚያ ማለት ነው። ቱቦዎቹን አጠፍ እያደረግህ እይ፤ ስንጥቅ ካለ ሁሉንም ቀይር፣ በክላምፕ እሰር። የነዳጅ ማጣሪያውን ዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) አናት ላይ አንጠልጥለኸው ከሆነ ዛሬውኑ ከሞተር ክፍሉ አውጣው። የዚህች መኪና የሞተር አካል ማግኒዚየም አለበት፤ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም። ቱቦውን ሳትቀይር ደግሞ ለማስተካከል ብለህ እኔ ዘንድ እንዳታመጣት።